ለእግረኛ አንድ ቀን

— ሄሎ... አዎ፣ ሀሴት ነኝ፤ ማስኩ ነው ድምፄን የለወጠው። ሲሞን?... ለእማማ ኪኩኤ ምን ልበላት? እኔ ምን አውቄ!... ቆይ፣ ቆይ፣ ምኑ ነው የተሰረዘው?

— መኪና ሳይገባበት ሰው በአዲሱ መንገድ የሚሄድበት የእግር ጉዞ? በኮሮና?... ትሰማኛለህ? መንገዱ እሁድ ይከፈታል፣ የአገሩ ሰው ግን አይረግጠውም ነው የምትለኝ?

— (ሳውቦና፣ እንደምን ነሽ ማማ! ማስክሽን ከፍ አድርጊ። አባዬ፣ ለደንበኛዋ ብርድ ልብሱን አሳያት።) አዎ፣ ጀፕ ሰፈር፣ የአባዬ ሱቅ ነኝ፤ የት ልሁን?

— ስማ። አንተና የመንገድ ሥራ ድርጅትህ እዚያ ጃፓን እነዚያን የተራራ መንደሮች ከሆስፒታሉ ከተማ እናገናኛለን ብላችሁ የሩዝ ማሳዋን ወሰዳችሁ። «ባሌ ያረሰበት ቦታ ላይ አንዴ ልቁም» ብላ ነው የለቀቀችላችሁ። ቃል የገባህላት ደግሞ አንተ ነህ፣ ቤቷ ተከራይተን ሩዟን እየበላን!

— ሌላ ጊዜ?... ማንን ነው የምትሸውደው? ፈጣን መንገድ አንዴ መኪና ከገባበት እግረኛ ያስገባል? ያቺው አንድ ቀን ነበረች!

— ባለሥልጣኖቹስ?... ሪባን ይቆርጣሉ? አሃ! ኮሮና መቀስ የያዘ ሰው አይነካም በለኛ!

— እኔ ደውዬ ላርዳት? መርዶ ነጋሪህ ነኝ እንዴ?

— ምን አልክ? ጥዬያችሁ ሄድኩ?... አባቴን ልጠይቅ መጥቼ ድንበር ተዘጋብኝ እንጂ!... እሺ፣ ይሁን፣ ሸሸሁ። እዚህም ብርድ ልብስ ሳጥፍ «ለዚህ ነው ጃፓን ድረስ ሄደሽ የተማርሽው?» ይሉኛል። የት እንደምሆን እኔም አላውቅም። አንተ ግን እዚያው ነህ። የመንገዱ አጥር ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ነው!

— ያባርሩኛል?... ሠራተኛ ሳይገባ በጠዋት ውሰዳት! ዘጠና ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ሌላ መንገድ እስክትሠሩ ትጠብቅ?

— (አልጮህኩም አባዬ!... እሺ፣ ጮህኩ! መጣሁ!)

— እሺ ሲሞን፣ ቀጥል... ምን ገዛች?... የሸራ ጫማ? ለእሁድ ብላ?... በረንዳው ላይ እየሄደች ታለማምደዋለች?... ይህን እያየህ ነው ለእኔ የምትደውለው? አንተ ሰው...

— ሄሎ?... ሄሎ!

እንደለመደው መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩንም ይዞት ሄደ። ሀሴት ከሱቁ ወጥታ፣ ዕቃ በሚጭኑት ታክሲዎች መሃል ስልኳን ወደ ላይ ይዛ እስከ መንገዱ ጥግ ተጓዘች። እዚያ ትንሽ ሲግናል ስታገኝ ጻፈችለት፦

«ምንም አትበላት። ጫማዋን እሰርላትና ውሰዳት።»

ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። እሁድ መጣ፤ መንገዱ ተከፈተ። ሲሞን ወስዷት ይሁን አይሁን ግን አልጻፈላትም።