በየጥር ወር ያለንበትን ስለ ማሳወቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ኋላችሁ አትዙሩ፤ እናንተኑ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «ጓንት አድርጉ»፣ «ትሪውን አቀብሉኝ» ስላችሁ ኖሬ ዛሬ ድንገት ክቡራን ስላችሁ ብትደነግጡ አልፈርድባችሁም።

በመጀመሪያ ለጡረታ መሸኛዬ ይህን አዳራሽ ለተከራየልን፣ ለፈረቃችን አለቃና ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ሙላቱ፣ ምግቡን ላዘጋጃችሁት፣ ከጧቱ ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ ለመጣችሁት ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ምግቡ በሳህን መቅረቡንም ልብ ብያለሁ። ለአውሮፕላን መንገደኛ ምግብ ሲያሽግ የኖረ ሰው ክዳኑን ሳይቀድድ ሲበላ እንዴት ደስ እንደሚለው እናንተ ታውቃላችሁ።

ሙላቱ «ጋሼ፣ በአሥር ደቂቃ ይጨርሱ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ሙላቱ ስብሰባ ሲመራ ያያችሁት ግን እባካችሁ አትሳቁ።

ስለ ሥራው አላወራም፤ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ እድራችንና እኔ ስላጠፋሁት አንድ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ላይ ለመድረስ ግን በአሜሪካ በኩል ዞሬ መሄድ አለብኝ። ታገሡኝ።

አዲሶቹ አታውቁትም፤ አበጀ የሚባል ባልደረባ ነበረን። እዚሁ ክሎተን ኩሽናችን ዕቃ ማጠቢያው ጋ ይሠራ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት አንዱ ነው፤ ዝምተኛ፣ ከማንም የማይደርስ። አንድ ጊዜ ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱ አልቆ ሲቀር እኛ «ዘመድ ጋ ቆይቶ ይሆናል» አልን። የቤቱ በር ሲከፈት ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የዚያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለቀብሩ ገንዘብ የሰበሰብነው በጫማ ካርቶን ነው፤ በሳምንቱ እድሩን አቋቋምን።

ገንዘቡን ማን ይያዝ? ያኔ ግማሻችሁ የጥገኝነት ጉዳያችሁ አላለቀም፤ ባንክ ስትሄዱ ከወንበሩ በፊት ጥያቄው ነው የሚቀርብላችሁ። ሙላቱ ተነሣና «በጋሼ ገብረኪዳን ስም ይቀመጥ» አለ። «ጋሼ አሜሪካዊ ናቸው። ሰማያዊ ፓስፖርት ያየ ባንክ ሳይጠይቁት ውኃ ያቀርባል።» አጨበጨባችሁ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አሥር ዓመት አሜሪካ ኖሬ ያገኘሁት ዜግነት ዙሪክ ከገባሁ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በስተርጅና ሥራ አገኘ አልኩ።

መተዳደሪያ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሰባትን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላወቃችሁ ተቀጥታችሁ አውቃችኋል። «አባል ሥራ ቢለቅም ከተማ ቢቀይርም አባልነቱ አይቋረጥም። በየዓመቱ በጥር ወር ያለበትን በደብዳቤ ያሳውቃል። ያላሳወቀ ሃያ ፍራንክ ይቀጣል።» ስንጽፈው አበጀን እያሰብን ነበር።

ቅጣት ግን ለመደብኝ። ሪያድ ለቅሶ ቤት በስልክ እየሳቀ በመግባቱ አምስት ፍራንክ። ፌኔት የሪያድን ቅጣት በመቃወሟ አምስት ፍራንክ። ፌኔት «ተቃውሞ በየትኛው አንቀጽ ነው የሚያስቀጣው?» ብላ ስትጠይቅ ደግሞ፣ ለዚህ ጥያቄ ብቻ በነፃ አለፍኳት።

ማራኪን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከእኛ ጋር አራት ዓመት ትሪ ስትደረድር ቆይታ ጄኔቭ ሄደች፤ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ባለሥልጣን ቤት ተቀጠረች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት የጥር ደብዳቤዋ ቀረ። ቅጣቱን በስብሰባ ላይ አነበብኩና ላክሁላት። ሃያ ፍራንኩ በፖስታ መጣ፤ አንድም ቃል አብሮት አልነበረም። «ጨዋ አባል» ብዬ መዘገብኩት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ዞሮ ዞሮ ያኔ ብዙዎቹ እንዲያ ይጽፉ ነበር። «እርስዎ አሜሪካዊ ነዎት ወይ?» ይላል። እኔ ሞኙ ሊያከብሩኝ መስሎኝ «አዎን» የምትለዋን ሣጥን በወፍራም እስክሪብቶ አጠቆርኳት። ውኃው ሊመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሒሳብዎ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይዘጋል የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ።

ዙሪክ አንድ የሒሳብ አማካሪ ዘንድ ሄድኩ። አሜሪካዊ ሰው የትም ይኑር የት በየዓመቱ ገቢውን ለአሜሪካ ግብር ቢሮ ማሳወቅ እንዳለበት የሰማሁት ከእሱ ነው። ውጭ አገር ባንክ በስሙ ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከአሥር ሺህ ዶላር ካለፈ ደግሞ እሱን ለብቻው ያሳውቃል። ለካ ሌላው አገር የሚጠይቅህ በኖርክበት ነው፤ አሜሪካ ግን በዜግነትህ ተከትላህ ትዞራለች።

«እኔ እኮ ለስዊስ ግብሬን አንድ ሳንቲም ሳላስቀር ከፍያለሁ» አልኩት።

«እርስዎን የሚያስጠይቅዎ አለመክፈል አይደለም» አለኝ። «አለመናገር ነው።»

ያልተናገርኩት አርባ አንድ ሺህ ፍራንክ ነበር። የሠላሳ ሰባት ሰው የለቅሶ ገንዘብ፣ በእኔ ስም። ባለማወቅ ነው ብለው ካላመኑኝ ቅጣቱ የሒሳቡን ግማሽ ሊያህል ይችላል አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ ትራም መያዝ አቃተኝ፤ በእግሬ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተነፈስኩም። ገንዘቡ ቢሄድ በዕዳም ቢሆን እተካው ነበር። የፈራሁት እናንተ ያመናችሁትን ሰው ማሳጣቴን ነው፤ እሱን በምን እተካላችኋለሁ? ፌኔት አንድ ቀን አየችኝና «ጋሼ፣ በዚህ ወር ማንንም አልቀጡም። ታመዋል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰብኳችሁና ነገርኳችሁ። መኪናዬን እሸጣለሁ፣ ከደመወዜ በየወሩ ትቆርጣላችሁ አልኩ። ፌኔት «ግማሹን ቢወስዱ በግማሹ እንቀበራለን፤ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ሙላቱ ተነሥቶ ወጣ። ተቆጣ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በብርጭቆ ውኃ ይዞ ተመለሰና «ያቀርባሉ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ» አለ። ሙላቱ፣ ያን ውኃ እስክሞት አልረሳውም።

በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። ማራኪ ናት፣ ከጄኔቭ።

«ጋሼ፣ ሰማሁ። አሜሪካም አንቀጽ ሰባት አላት አሉ።»

ያለበትን ያላሳወቀ ይቀጣል። አገር ቢቀይርም አባልነቱ አይቋረጥም። ራሴ የጻፍኩት ደንብ ባሕር ተሻግሮ እኔኑ ያዘኝ። ማራኪ እስክትጠግብ ስቃ ስታበቃ ቁም ነገሯን ነገረችኝ። የምትሠራበት ቤት ማዳም አሜሪካዊት ናት፤ በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ፎርሞቹን ይዛ በሯን ትዘጋለች፤ ልጆቿ እንኳ አያንኳኩም። ማዳም «ሳያውቁ ለቀሩ ሰዎች መንገድ አለ» ብላለች። የሦስት ዓመት ገቢ፣ የስድስት ዓመት የባንክ ሒሳብ፣ ለምን እንዳላሳወቁ የሚያስረዳ የተፈረመ ወረቀት። ካመኑ ቅጣት የለም። «በፍርሃት አይጻፍ፣ እውነቱን ይጻፍ ብላለች፣ ጋሼ።»

እስቲ እናንተ ለአሜሪካ ግብር ቢሮ እድርን አስረዱ። መጀመሪያ «የቀብር ማኅበር» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪው «ሠላሳ ሰባታችሁም ታማችኋል?» አለኝ። «ኢንሹራንስ ነው» ስለው «ፈቃድ አላችሁ?» አለ። «በጎ አድራጎት ነው» ስለው «የት ተመዘገባችሁ?» በመጨረሻ ተናደድኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉን አስታውሰዋለሁ። «ከመካከላችን አንዱ ብቻውን ሞቶ ዘጠኝ ቀን ሳናውቅ ቀረን። ዳግመኛ እንዳይደርስብን በየወሩ ሃያ ሃያ ፍራንክ እናዋጣለን። ገንዘቡ የእኔ አይደለም። ታማኝ ነው ብለው በስሜ አስቀመጡት፤ ማሳወቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም።» ከሥሩ ሠላሳ ስድስታችሁም ፈረማችሁ። ሪያድ ፊርማው ቦታ አልበቃው ብሎ ጠርዙ ላይ ወጥቷል።

ሲሰላ ያሳወቅነው ሁሉ ተደምሮ፣ ለአሜሪካ የምከፍለው ግብር ስንት ሆነ? ዜሮ። ዜሮ መሆኑን ለማስመስከር ለአማካሪው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ፍራንክ ከኪሴ ከፈልኩ። ከአሜሪካ መልስ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ወፍ የለም። አማካሪው «ዝምታቸው እሺታ ነው» አለኝ። ገንዘቡ ሒሳቡ በተዘጋ ጊዜ በማኅበሩ ስም ሌላ ባንክ ገብቶ ነበር፤ አንድ ፍራንክ አልጎደለም። አማካሪው እንዲህ ያለኝ ቀን መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ዛሬ ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

ልጄ ሔቨንም አልቀረላትም። ዙሪክ ተወልዳ ያደገች፣ አሜሪካን አውሮፕላን ማረፊያው ሰሌዳ ላይ የምታውቃት ልጅ «አባትሽ አሜሪካዊ ነው ወይ?» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። «አባ፣ እኔ አሜሪካ ምን አደረግኩ?» አለችኝ። በርን ኤምባሲው ሄዳ ዜግነቱን መለሰች። የመውጫው ክፍያ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ነው። ላልበላችው ድግስ ዕቃ አላጥብም ብትል አልፈርድባትም።

እኔን «አንተስ?» ትሉኛላችሁ። እኔ አልመለስኩም። ሱዳን መጠለያ ጣቢያ ተቀምጬ ሳለ ስሜን ጠርቶ ና ያለኝ አገር ነው። ፎርሙን በየሰኔው እያጉረመረምኩ እሞላዋለሁ፤ እድርተኛ ከሰብሳቢው ጋር ቢጣላም መዋጮውን አያቋርጥም።

አሁን ጥፋቴ ላይ ደረስን።

ወረቀቱ ሁሉ ከተላከ በኋላ ማራኪን ላመሰግናት ደወልኩ። ብዙ ሳቅን። «ግን ማራኪ» አልኳት፣ «ያን ዓመት ለምን ሳትጽፊ ቀረሽ? አንቺ ቀን የምትረሺ ሰው አልነበርሽም።»

«ሆስፒታል ነበርኩ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ኦፕራሲዮን ሆኜ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ከክሎተን የደረሰኝ ወረቀት የእርስዎ ቅጣት ብቻ ነው።»

አሜሪካ ደህና ነህ ወይ ሳትለኝ ቅጣት አስታወሰችኝ ብዬ ስንት ወር አምቻታለሁ። እኔስ ምን አደረግኩ? ለአበጀ ብለን የጻፍነውን ደንብ ይዤ፣ ደብዳቤ ሳትልክ የቀረችውን ሴት ቀጣኋት እንጂ የት ነሽ አላልኳትም።

ማራኪ ዛሬ ሦስት ሰዓት በባቡር ተጉዛ መጥታለች፤ እዚያ ከሪያድ አጠገብ ተቀምጣለች። በስልክ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ቅጣቱ የተነበበው ግን በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ማራኪ፣ መደወል ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ሃያ ፍራንክሽንም ይዤ መጥቻለሁ። እጅሽን እያወዛወዝሽ አልቀበልም ስትይ እያየሁሽ ነው። አለመቀበል አምስት ፍራንክ ያስቀጣል።

መዝገቡን ለፌኔት አስረክቤያለሁ። ፓስፖርቷን አገላብጠን አይተናል፤ ከዚህ አገር ውጭ የሚፈልጋት ግብር ቢሮ የለም። እንደ ገንዘብ ያዥ የመጨረሻ ሐሳቤን ላቅርብና ልቀመጥ። አንቀጽ ሰባት ላይ «ሃያ ፍራንክ ይቀጣል» የሚለው ይሰረዝና «ሰው ሄዶ ያየዋል» ይባል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። ሙላቱ፣ ሁለት እጅ አይፈቀድም። እሺ፣ አልፏል።

ባለቤቴ ወይዘሮ አገሪቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ያኔ እንዴት እንደ ቆማችሁልኝ እኔ አውቃለሁ። አሁን ሔቨን ጄኔቭ፣ ላንሲ ስላለች እሷ አጠገብ ልሁን ብዬ እዚያው ጄኔቭ ሻትሌን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። «ከእኛ ጋር ኑር» ብላኝ ነበር። የልጅ ቤት ሁለት ቀን ማር ነው፤ ለሦስተኛው ቀን የራስ ቁልፍ ይሻላል።

ወገባችሁን ፈጣሪ ያጽናላችሁ። ወረቀት የምትጠብቁ ወረቀታችሁ ይውጣ። እናት አባት ያላችሁ በሕይወት ተገናኙ። ልጆቻችሁ በሁሉም ቋንቋ «አመሰግናለሁ» የሚሉ ይሁኑ። እድራችሁ ሳይፈታ፣ ሣጥኑ ሞልቶ ለድግስ ይዋል።

እኔም በደንቡ መሠረት በጥር ያለሁበትን እጽፍላችኋለሁ። ደብዳቤዬ ከቀረ «ረስቶት ይሆናል» እንዳትሉ፤ እኔ ቀን እንደማልረሳ ታውቁኛላችሁ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ኑና በሬን አንኳኩ።