በወረቀት ላይ ላጤ የሆኑት አናጢ

ጋሽ ሜትር የሚል ቅጽል የወጣላቸው አናጢ ጣውላውን ሦስት ጊዜ ሳይለኩ መጋዝ አያነሡም። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ደመወዝ ክፍል የገቡትም አልከፈት ያለ መሳቢያ ሊጠግኑ እንጂ ምክር ሊሰሙ አልነበረም። መሳቢያው ሲከፈት አዲሷ የደመወዝ ጸሐፊ ከውስጡ የእሳቸው ስም ያለበት አንድ ወረቀት አንሥታ አነበበች። ትናንት ሚስታቸው የረሱትን ምሳ ይዘው ሲመጡ ተዋውቃቸዋለችና ግራ ገባት።

«አባባ፣ እርስዎ ላጤ ነዎት እንዴ?»

ጋሽ ሜትር ሳቁ። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር የኖረና ሦስት ልጆች የወለደ ሰው እንዲህ ሲባል ሌላ ምን ያደርጋል? ወረቀቱን ሲያዩት ግን ሳቃቸው ቀጥ አለ። ከደመወዛቸው የሚቀነሰውን ግብር የሚወስነው ቅጽ ላይ፣ በገዛ ፊርማቸው፣ «ያላገባ፤ ጥገኛ የሌለው» ተብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለጸሐፊዋም አልደበቋትም። እሳቸው በሚሠሩበት እንጨት ቤት፣ ቅጽ በመጣ ቁጥር እጅ ጽሕፈቱ የሚያምረው ቀለም ቀቢ መጀመሪያ ይሞላል፤ ሌላው ስሙን እየለወጠ ከእሱ ይገለብጣል። ቀለም ቀቢው ደግሞ ሚስት የለውም። እስቲ አሁን ምን ይባላል፣ አሥራ አራት አባወራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ላጤ ሆኖ ቀረ።

ጸሐፊዋ በዚያ አገር ሕግ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግብሩ እንደሚቀልለት፣ እሳቸው ግን በየወሩ ከሚገባው በላይ እንደሚቀነስባቸው አስረዳቻቸው። ጋሽ ሜትር ትንሿ ልጃቸው ትዝ አለቻቸው። አቅም አጠረኝ ብለው የነርስነት ትምህርቷን እንድታቋርጥ የነገሯት በዚሁ ሳምንት ነው። ልጅቷ እሺ ብላ ነበር፤ ሆዳቸውን የበላውም እሺታዋ ነው።

ያም ሆኖ ቶሎ አልተረቱም። «ልጄ፣ የመንግሥት ወረቀት ባይነካካ ይሻላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ።

«አባባ፣ ሌላ ሰው በለካው ልክ እንጨት ይቆርጣሉ?»

«እኔ? በሕይወት እያለሁ አላደርገውም።»

«ታዲያ የራስዎን ቤት ቅጽ በሰው ቤት ልክ ለምን ሞሉት?»

ጋሽ ሜትር መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እውነትሽን ነው፤ ይስተካከል» አሉ። ከዚያ ደግሞ ልባቸው ሞቀና፣ እንግዲያውስ አግብቶ የወጣውን ትልቁን ልጄንም ጨምሪው አሉ።

«እሱ የራሱ ቅጽ አለው። ላጤ መባልዎ ሐሰት ነበር፤ ይሄም ሐሰት ይሆናል» አለች በትሕትና። ጋሽ ሜትር በሆዳቸው፣ ይህች ልጅ ውሃ ልክ ናት፣ ወዲህም ወዲያም አትልም አሉ። አዲሱን ቅጽ ተቀበሉ።

የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ስለተጠየቁ ጉዱን ለሚስታቸው መናገር ግድ ሆነ። ሚስት ሰምተው ሲያበቁ «እና እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምሳ የቋጠርኩት ለላጤ ነው?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጋሽ ሜትር እያንዳንዱን መስመር ሦስት ሦስት ጊዜ አንብበው ሞሉ። «ያገባ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሚስት፣ «ደመቅ አድርገው» አሉ። የሁለቱ ሴት ልጆች ስም ሲሰፍር ትንሿ በትከሻቸው በኩል ታይ ነበር። በየወሩ የሚተርፈው ለክፍያዋ እንደሚበቃ፣ ትምህርቷንም እንደማታቋርጥ ሲነግሯት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አባትም አለቀሱ፤ ደስ ብሏቸው ነው።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር በእንጨት ቤቱ መካከል ቆመው መገልበጥ ቀረ አሉ። ስም እንደ መታወቂያው ይጻፍ፤ ያለ ቤተሰብ አይቅር፣ የሌለ አይጨመር፤ ሳይነበብ አይፈረም፤ ማግባት ወይም መውለድ ሲመጣ ቅጹ ይታደስ፤ ግልባጩም ቤት ይቀመጥ። ይህን ያደረገ ሰው የሚገባውን ግብር ይከፍላል፣ የልጆቹንም ድርሻ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ከኋላ የቀለም ቀቢው ድምፅ ተሰማ። «እኔ የማስተዳድራት እናቴስ ትጻፋለች?» አዲስ ቅጽ ልታድል የመጣችው ጸሐፊ፣ አብራው የምትኖር ከሆነ አዎ አለችው። ሁሉም የገለበጡት ቅጽ ለካ ለባለቤቱም ልክ አልነበረም።

የጋሽ ሜትር ሚስት ግን ዛሬም ድረስ ምሳቸውን ሲያቀብሏቸው «እንካ፣ ላጤው» ይሏቸዋል።