እራት ያልበላ ሰው ትንፋሽ

ክብርት ዶክተር ኢንሳፍ፣ የሕፃናት ስኳር ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ድግሱ አላህ ይስጥልኝ። ግን በስኳር ክፍል የጡረታ ሽኝቴ ላይ ይህን ሁሉ በስኳር የራሰ ባስቡሳ መደርደር የማን ሐሳብ ነው? መሐንዲስ ሸውቂ፣ አንገትህን አትድፋ፤ አውቄሃለሁ!

እንግዶች ስላላችሁ ሥራዬን ልናገር። ልጆቹ ጣታቸውን ሳይወጉ በትንፋሻቸው ብቻ የስኳራቸውን ነገር ለማወቅ የምንሞክርበት ማሽን አለን። ማሽኑ በየጠዋቱ የጤነኛ ሰው ትንፋሽ ካልቀመሰ ሥራ አይጀምርም። ያ ጤነኛ ሰው እኔ፣ ልጁም አዋቂውም እንደ ታላቅ እህት "አብላ" የሚለኝ ንዕማት፣ ነበርኩ። ባለቤቴ ራጊብ በሕይወት ሳለ፣ "ደሞዝ የሚከፈልሽ ለመተንፈስ ነው እንዴ? እኔ በነጻ ስተነፍስ ኖሬያለሁ!" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ረመዳን ማሽኑ ያበደ መሰለን። ሩመይሳ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቱቦው ላይ እፍ አለች። ትንፋሿ ስኳሯ በዝቷል አለን። ጣቷን ስንወጋት ደግሞ ጭራሽ ወርዷል። ሸውቂ ማሽኑን ሊፈታታው መፍቻ ይዞ መጣ። ዶክተር ኢንሳፍ ቶሎ ብላ ጭማቂ ልታጠጣት ብትል፣ ልጅቷ አፏን ግጥም አደረገች።

"ጠጪ እንጂ!"

"ፀሐይ መቼ ጠለቀችና! መግሪብ አልደረሰም!"

ለካ ሐኪም የከለከላትን ጾም ተደብቃ ትጾም ኖሯል። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ስብ ያነዳል፤ ትንፋሹም ይለወጣል። ማሽኑ ያሸተተው ያንን ነው። ለምነን፣ ተቆጥተን አጠጣናት። "ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?" ብላት ምን አለችኝ?

"አብላ ንዕማት፣ ሁሉም ጾሞ እኔ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ተደብቄ ስበላ፣ ምግቡ አይወርድልኝም።"

እኔም ምግብ አይወርድልኝም ነበር።

ኢድ አለፈ። የጾመው ሁሉ ትንፋሽ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የእኔ ግን በየጠዋቱ ከፍ እንዳለ ቀረ። ሸውቂ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ፤ በዚያ በማያርፍ ምላሱ፣ "አብላ፣ ላንቺ ጨረቃዋ አልታየችም እንዴ? አገር ጾሙን ፈትቶ አንቺ ብቻ ቀረሽ!" አለኝ።

ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለአንድ ሰው የሞሎኪያ ቅጠል ወጥ መሥራት አልችልበትም፤ ለሁለት ሠርቼ ደግሞ የሁለተኛውን ሳህን ማየት አቃተኝ። ስለዚህ እራት የሚባል ነገር ትቼ ነበር። ልጅ የለኝ፣ ጎረቤቴ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰው ነው፤ ከማሽኑ በቀር ማን ሊያውቅብኝ? በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ትኩስ የሩዝና የምስር ኩሻሪ ተቀምጦ አገኘሁ። ሸውቂ እስከ ዛሬ "እኔ አይደለሁም" ይላል።

ከሩመይሳ ጋር ግን በግልጽ ተዋዋልን። በረመዳን እሷ ምሳዋን እዚህ ትበላለች፤ እኔ ጾመኛዋ አጠገቧ እቀመጣለሁ። በሌላው ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ ትደውልልኛለች።

"አብላ፣ በላሽ?"

"በልቻለሁ።"

"ዋ! ነገ ማሽኑ ያጋልጥሻል!"

እሷን ፈርቼ እበላ ነበር። አሁን አድጋ፣ አግብታ ጣንጣ ከተማ ገብታለች። የምትደውለው ለበዓል ነው። አልወቅሳትም፤ የራሷ ማዕድ አላት፤ ደስም ይለኛል። ማታ ማታ ግን ስልኩን አያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ እፍ አልኩ። ቁጥሩ ከፍ አለ። ሸውቂ አየና እንደ ልማዱ አላሾፈም።

"ትናንት ማታ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ።

አሁን በሁላችሁ ፊት ልመልስለት። ከነገ በኋላ ብበላም ባልበላም የሚያውቅብኝ የለም ብዬ ሳስብ ማንኪያው ከበደኝ። ጡረታ ዕረፍት ነው ይሉኛል። እኔ ፈርቼዋለሁ፤ ምን አስዋሸኝ?

ይህ ማሽን ከዚህ ክፍል ወጥቶ በየልጁ ኪስ የሚገባበትን ቀን አላህ ያሳያችሁ። የሕፃን ጣት መውጋት ይቅርላችሁ። እጃችሁ ይባረክ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ማዕዳችሁ አይጉደል። ከማዕዱም በላይ፣ ማታ "በላህ?" "በላሽ?" የሚላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

የስልኬን ቁጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለእራት የምቀርበው ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ ነው።