አራት ዓመት ያልተነበበው ሪፖርት

ጉሙ አልገፈፍ ብሎ የከተማው ጀልባ ዘግይቷል። ሩዝ ገበሬው ሞክሌስ ሙንሺ በመሳፈሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸው ላይ የጠጠሩትን ቁስሎች ያሻሉ። ሆስፒታል መሄዳቸው ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ታህሚናም ወደ ኮሌጇ ልትመለስ መጥታ፣ ሰላምታ ሰጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ለመሆኑ ምን ያስተምሩሻል?" አሏት።

"የእንግሊዝኛ ጥናት ማንበብና ሪፖርት መጻፍ፣ አጎቴ።"

"እሰይ! ሩዙም በእንግሊዝኛ ሲያናግሩት ቶሎ ያፈራል አሉ።"

ታህሚና ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ሪፖርት እኛም ቤት አለ። የፓምፓችንን ውሃ በጠርሙስ ቀድተው የሄዱት ሰዎች ከአራት ዓመት በፊት የላኩት። ምን ፈየደልን?"

"ማን አነበበው?"

"የመንደራችን መምህር ጃሊል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቃል በቃል ሲፈታ ሁለት ቀን ለፋ። ይህን መሥሪያ ቤት እናመሰግናለን፣ ያንን እናመሰግናለን ይላል አለኝ። በቃ ተወው አልኩት።"

ለሐኪሙ ብለው የቤታቸውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዘው ነበርና ሪፖርቱን አውጥተው ሰጧት። ቃል መፍታትና ጥናት ማንበብ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ያን ጊዜ አላወቁም። ታህሚና ምስጋናውን ዘለለችው። ማጠቃለያውን አነበበች፤ ከዚያ ወደ ሰንጠረዡ ሄዳ በጣቷ ቁልቁል ወረደች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ምን ይላል?"

"የእርስዎ ፓምፕ በስምዎ ተጽፎ አሥራ አራተኛው ላይ ነው። አርሴኒክ የሚባል፣ ቆዳ የሚያቆስል መርዝ አለበት። በአንድ ሊትር ውሃ ከሃምሳ ማይክሮግራም ማለፍ የለበትም፤ የእርስዎ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው። ማንም እንዳይጠጣው ይላል።"

ልጃቸው ሻፊቅ ባለፈው ክረምት ነው የሞተው። የመዳፉ ቁስል ነቀርሳ ሆኖበት። መድኃኒት አዋቂው የሰው ዓይን ነው ብሏቸው ነበር።

"የመስጊዱስ ውሃ?"

ታህሚና ሰንጠረዡን ደጋግማ አየችው።

"ተናገሪ እንጂ!"

"ንጹሕ ነው፣ አጎቴ።"

መስጊዱ ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

"በቤንጋልኛ ቢጽፉት እኮ እኔው አነበው ነበር!" ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

"እውነትዎን ነው፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ግን ነገም በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት። ከእኛ መሃል የሚያነብና መልሶ የሚጽፍላቸው ሰው ከሌለ ማን ይጠይቃቸዋል?" ደብተሯን አወጣች። "ከፓምፑ ስንት ቤት ይጠጣል?"

"አሥራ አንድ። ሁሉም ታሟል ብለሽ ጻፊ።"

"ሁሉም ካልኩ አያምኑኝም። በስምና በቁጥር፣ ያየነውን ብቻ ነው የምጽፈው።"

አንድ በአንድ ነገሯት። ከዚያ ሻፊቅ ላይ ደረሱ።

"ደግ ልጅ ነበር ብለሽ ጻፊልኝ።"

"አጎቴ፣ ሪፖርት ላይ ይሄ ቦታ የለውም።"

"ታዲያ ምን ልትዪ ነው?"

"ወንድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ውሃውን አሥራ ስምንት ዓመት ጠጥቷል። ሞቷል።"

ሞክሌስ ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አሳረፉ። "ጻፊው" አሉ።

ጀልባው ሲመጣ አልተሳፈሩም። "ምራቴ ይሄኔ ውሃ እየቀዳች ነው" ብለው በእርጅና እግራቸው ወደ መንደር ሮጡ።

ዛሬ አሥራ አንዱም ቤት ከመስጊዱ ይቀዳል፤ አዲስ የታመመ ሕፃን የለም። ታህሚና ለዕረፍት በመጣች ቁጥር የመንደሩን ልጃገረዶች ሰብስባ ሪፖርት ከየትኛው ገጽ ተጀምሮ እንደሚነበብ፣ ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ እንዴት እንደሚጽፉ ታስተምራለች። በሁለቱም ቋንቋ ጽፋ ለወረዳው ያስገባችው ሪፖርት እስካሁን መልስ አላገኘም፤ ሁለተኛውን ልጃገረዶቹ እየጻፉ ነው። የሞክሌስ መዳፍ አልዳነም፤ እንደማይድንም ተነግሯቸዋል።

በቀደም አንድ ጎረቤታቸው፣ "ሴት ልጅ እንግሊዝኛ አንብባ ምን ልታመጣልኝ?" ብሎ ቢያሾፍ፣ ሞክሌስ አልተቆጡም።

"የምትጠጣውን ትነግርሃለች" አሉት። "ለእኔ የሚነግረኝ ሰው የመጣው ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ነው።"