ፊርማቸውን በአደባባይ ያነሡት የአቶ ዱባለ ኬርጋ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ እድርተኞችና የሥራ ባልደረቦች፤ የአቶ ዱባለ ኬርጋን ዜና ሕይወት እንዳነብ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሠርኬ ሲያዙኝ፣ ለሟቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈግሁ ሰው መሆኔን እያወቁ ነውና፣ እኔ ምንይሉ አድማሱ ይህን አደራ የተቀበልሁት በፍርሃት ነው።

አቶ ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ኬርጋ ወልደጊዮርጊስ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቃሊ ሽፈራ በ1950 ዓ.ም. በጉራጌ ምድር በእዣ ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ በአሥራ አንድ ዓመታቸው አጎታቸው ዘንድ መርካቶ መጥተው፣ ራጉኤል አካባቢ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም ከጎጃም በረንዳ ዝቅ ብላ በነበረች ሱቅ ጣቃ ጨርቅ ሲሸጡ ኖሩ። ሲለኩ ከሜትሩ ጣት አትርፈው የሚቆርጡ ቸር ነበሩ፤ የተናደዱ እንደሆነ ግን ሳምንት የማይበርዱ፣ አንዴ የያዙትን ወገን የማይለቁ ሰው እንደነበሩም መሸሸግ አይገባም። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሠርኬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ አባል ሆነው ለረጅም ዓመታት አገልግለው፣ በወረዳችን የኮሚቴ አባል ለመሆን በቁ። በ2014 ዓ.ም. በወረዳችን ያሉት አሮጌ ሱቆች ፈርሰው አዲስ ሕንፃ ይሠራ ሲባል ግን እኛ አባላቱ ለሁለት ተከፈልን። የአቶ ዱባለ ወገን ቶሎ ይፍረስ ሲል፣ የእኔ ወገን ነጋዴው ምትክ ቦታ ሳያገኝ አይፍረስ አለ። አንዱ በጠራው ስብሰባ ሌላው አይገኝም፤ የአንድ አባላችን እናት ያረፉ ጊዜ እንኳ በለቅሶው ድንኳን ግራና ቀኝ ተለያይተን ተቀመጥን። በዚህ መካከል፣ እኔ ውሳኔ ለማስተጓጐል ከፓርቲው ባላንጣዎች ጋር በስውር እገናኛለሁ የሚል ደብዳቤ ከእነ አቶ ዱባለ ወገን ተጻፈ፤ አቶ ዱባለም ፈረሙበት፤ እኔም ከአባልነት ታገድሁ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ወይዘሮ ሠርኬ፣ ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ “ምንይሉ እንዲህ ሲያደርግ በዓይንህ አይተሃል?” ብለው ጠየቋቸው። “አላየሁም” አሉ። “ታዲያ ምን ብለህ ፈረምህ?” ቢሏቸው፣ የቀረበላቸውን እራት ሳይነኩ ከገበታው ተነሡ።

በተከታዩ ጉባኤ ያ ደብዳቤ እንዲወጣ ጠይቀው፣ ቆመው ከዳር እስከ ዳር አነበቡትና እንዲህ አሉ፦ “ይህን ስፈርም አላነበብሁትም። ከወገኖቼ ላለመለየት ብዬ ፈረምሁ። ጋሼ ምንይሉ፣ በሐሰት መስክሬብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።” እገዳዬ እንዲነሣልኝ አመልክቼ ስለ ነበር እኔም ተጠርቼ በአዳራሹ ነበርሁ፤ እገዳውም በዚያው ተነሣልኝ። ተነሥቼ ማቀፍ ሲገባኝ ጥያቸው ወጣሁ። የገዛ ወገኖቻቸው ደግሞ ከሃዲ ብለው ከኮሚቴው አወረዷቸው።

አቶ ዱባለ ከሁለቱም ወገን ተገፍተው ሳለ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለው ቤቴ ሁለት ቅዳሜ መጥተው በር አልከፈትሁላቸውም። በሦስተኛው ባለቤቴ ከፈተችላቸው። “ጋሼ፣ እኔን ባይምሩኝም ሰዎቹን ያነጋግሩ። ነጋዴው የሚሄድበትን አጥቶ ሲጨነቅ እኛ እርስ በርስ እየተባላን ነው” አሉኝ። እኔም ያን ቀን የራሴን ነገር አወጣሁ፤ አቶ ዱባለ ይፍረስ የሚሉት በአዲሱ ሕንፃ ላይ ሱቅ ተስፋ ቢሰጣቸው ነው እያልሁ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ስማቸውን ሳጠፋ ከርሜ ነበር። “እሱንስ ሰምቻለሁ” አሉኝ። ተላቀስን።

ከዚያ በኋላ ሁለታችን አብረን፣ በአራት ወር ውስጥ የአባላቱን ቤት አንድ በአንድ ዞርን። አንዳንዱ ሰደበን፣ አንዳንዱ ውኃ እንኳ ሳያቀርብ ሸኘን፤ በመጨረሻ ግን አብዛኛው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ለነጋዴው ምትክ ቦታ እንዲሰጥ፣ ከዚያ እንዲፈርስ ተስማማ፤ እንደተስማማውም ተፈጸመ። ሁለት አባላት አንታረቅም ብለው ፓርቲውን ለቀቁ፤ ይህ አቶ ዱባለን እስከ መጨረሻው ያሳዝናቸው ነበር። ወደ ኮሚቴው ይመለሱ ቢባሉ፣ “ከወንበሩ ይልቅ እንቅልፌ ይሻለኛል” ብለው ተራ አባል ሆነው ቀሩ።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ሲሄዱ፣ ቀድሞ የማይተያዩት የሁለቱ ወገን ሰዎች ተራ ገብተው ያደርሷቸውና ይመልሷቸው ነበር። ሕክምናውን ሲከታተሉ ቆይተው፣ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠርኬን፣ ልጆቻቸውን ብሩክን፣ መቅደስንና ሜሪን፣ አምስት የልጅ ልጆችን እንዲሁም እኅታቸውን ወይዘሮ በለጥሻቸውን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ከእኅታቸው ቀጥሎ “ወንድማቸው ምንይሉ” የሚል አገኘሁ። ስሕተት መስሎኝ ልሰርዘው ብል፣ ወይዘሮ ሠርኬ፣ “ራሳቸው ናቸው ያስጻፉት” ብለው እጄን ያዙኝ። ስለዚህ እንደተጻፈው አነበዋለሁ፦ ወንድማቸው ምንይሉ።

አምላከ ምሕረት የወንድሜን የዱባለን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ለእኛም ሳይረፍድብን የምንታረቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።