ፈረስ የሌላቸው ሰው የፈረስ መድኃኒት

አቶ ኦርቪል ስቲድሃም ከከብት ሐኪሙ ቤት የወጡት በጓሮ በር ነበር። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ በዚያ የኬንታኪ አውራጃ ከአርባ ዓመት በላይ ለፈረስ የብረት ጫማ ሲገጥሙ የኖሩ የተከበሩ ሰው በጓሮ በር ምን ያስወጣቸዋል ቢሉ፣ በካፖርታቸው ኪስ የያዙትን ማንም እንዳያይባቸው ነው። ዕድላቸው ሆነና የጎረቤታቸው ልጅ ዳርላ ኔፒየር የእናቷን ድመት በቅርጫት ይዛ እዚያው በር ላይ ግጥም አለች።

“ጋሼ ኦርቪል! እንደምን አደሩ? ምን እግር ጣለዎት?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። መድኃኒት ልወስድ ነው፤ ለፈረስ” አሉና ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ።

“ለየትኛው ፈረስ?”

“ለፈረሴ ነዋ!”

“ፈረስ የለዎትም እኮ ጋሼ።”

እውነቷን ነው። የአውራጃው ፈረስ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል፤ ለራሳቸው ግን አንድ ውርንጭላ እንኳ ኖሯቸው አያውቅም። ሽማግሌው ቶሎ ብለው “ልገዛ አስቤያለሁ” አሉ። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ነገሩ ገብቷት ነበር።

ይህ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት፣ የማያወሩትም አመል ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የፈረስ እግር በጭኖቹ መሐል ይዞ የሚውል ሰው ወገቡ ይከዳዋል። ሐኪም ቤት እንዳይሄድ የጤና መድን የለውም፤ አሠሪ ስለሌለው መድን የሚገባለትም የለም። ስለዚህ ለሚያነክስ ፈረስ የሚታዘዘውን ማስታገሻ በጣቱ ጫፍ እየቆነጠረ ይውጣል። አቶ ኦርቪል ስድስት ዓመት ውጠውታል። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀምሯል፤ ሰገራቸውም እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ይህን እንኳን ለሰው ለሚስታቸው ለወይዘሮ ዊልማም አልተነፈሱም። እሳቸው ከወደቁ ስኳር በሽታ ያለባትን ሴት ማን ያኖራታል? ይህ ጭንቀት ሌት ተቀን ልባቸውን ይበላቸዋል፤ ጭንቀቱን የሚያስታግሱትም፣ ጉድ በሉ፣ ያንኑ የፈረስ መድኃኒት በመጨመር ነበር።

“ጋሼ” አለች ዳርላ የድመቷን ቅርጫት መሬት አስቀምጣ፣ “ይህ እኮ አምስት መቶ ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ የተሰናዳ ነው።”

“እኔስ ምን አነሰኝ?”

“ቀልዱን ይተዉት። እኔ በቤተ መጻሕፍቱ የመድን ምዝገባ ጠረጴዛ ዘርግቼ የምውለው እንደ እርስዎ ላለው ሰው ነው። አዲሱ ሕግ ወጥቷል፤ በራሱ የሚሠራ ሰው ከነቤተሰቡ የጤና መድን መግባት ይችላል። በዚህ ሳምንት ከተመዘገቡ በጥር መጀመሪያ ይሠራልዎታል።”

ዳርላ በሌክሲንግተን ከተማ የሕዝብ ጤና ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። አቶ ኦርቪል ሕፃን ሆና በጋሪ ሲያንሸራሽሯት የነበረችው ልጅ ዛሬ ልታስተምራቸው መነሣቷ ቅር አሰኛቸው።

“ስሚ የኔ ልጅ። እኔ የመንግሥት ምጽዋት አልቀበልም። ጉልበቴን ሸጬ ነው የኖርኩት።”

“ምጽዋት መሆኑን ማን ነገረዎት? የባንኩ ጸሐፊ መድኑን አሠሪው ሲከፍልለት ምጽዋት በላሁ ብሎ ያውቃል?”

“እሱ አለቃ አለው።”

“እርስዎ ደግሞ አለቃ ስለሌለዎት መታመም አይፈቀድልዎትም? የሚከፍሉት እኮ እርስዎ ነዎት፤ እንደ ገቢዎ ልክ። ሥራ የቀዘቀዘ ዓመት መዋጮው ይቀንስልዎታል፤ የጎደለውን ሕጉ ይሞላል። ግብር ሲከፍሉ ኖረው የለ?”

“እኛ እዚህ አገር እርስ በርስ እንረዳዳለን። ባልደረባዬን ፌሪስን ፈረስ ረግጦት እግሩ የተሰበረ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እራት አሰናድታ እየሸጠች ገንዘብ ሰብስባለት አልነበር? እኔ ራሴ ሦስት ሰሐን ቦሎቄ በልቻለሁ ለሱ ብዬ!”

“እግዚአብሔር ይስጥዎት። የተሰበረ እግር አንድ ጊዜ ነው፤ አንድ እራት ይበቃዋል። የእትዬ ዊልማ ስኳር ግን የዕለት ተዕለት ነው። በየቀኑ እራት ይሰናዳላቸው?”

የሚስታቸው ስም ሲነሣ የአቶ ኦርቪል ድምፅ ተለወጠ።

“እሷን አታንሺብኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወደ አንድ የመድን ኩባንያ ጽፈን ነበር። ዊልማ ሕመሟን ሳትደብቅ ቅጹን በእጇ ሞላችው። መልሱ ሦስት መስመር ነው። እኔን ይቀበሉኛል፤ ወገቤን ትተው! እስቲ አስቢው፣ ለፈረስ ጫማ የሚገጥም ሰው ያለ ወገቡ ምኑ ይቀራል? እሷን ግን ጭራሽ አንፈልጋትም አሉ። ገበያ ወጥታ ጥርሷ ታይቶ እንደተመለሰች አሮጊት ፈረስ ሚስቴን መለሱብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ያን ቀን ማልኩ፤ ሁለተኛ ማንም ፊት አላቆማትም።”

አያችሁ፣ ሰውየውን የያዛቸው መንግሥት መጥላት ብቻ አልነበረም። የሚወዷት ሴት ተዋርዳለች፤ ይህ በልባቸው እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል። ዳርላም ይህን ስትሰማ የክርክር ወኔዋ ረገበና ቀስ ብላ ተናገረች።

“ጋሼ፣ የአዲሱ ሕግ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ከጥር ወዲያ ማንም ኩባንያ የቆየ ሕመም አለብህ ብሎ ሰው መመለስ አይችልም፤ ወገብ ለይቶ ማስቀረትም አይችልም። ዱሮ እርስዎን ብቻዎን አቁመው መዘኑዎት። አሁን ግን ጤነኛውም ታማሚውም፣ አናጢውም ገበሬውም አንድ ላይ ይቆማል። ሕመም ለደረሰበት ያልደረሰበት ይሸከምለታል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይለወጣል።”

“ወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል።”

“ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፈረሱ ማንከስ ሲጀምር ብቻ የሚጠራዎትን ባለቤት ምን ይሉታል?”

“ጅል ነዋ! በየስድስት ሳምንቱ ማሳየት እያለለት! እንዲህ ያለውን ሰው ሰድቤው ነው የምሄደው።”

“እርስዎስ ራስዎን ሐኪም ካሳዩ ስንት ዓመት ሆነዎት?”

“እኔ ፈረስ ነኝ እንዴ?”

“መድኃኒቱን የሚውጡት እርስዎ ነዎት!”

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከዚያም የሚያሸንፉበት መንገድ የታያቸው መሰላቸው። “ነይ እንግዲያው፤ ይህን ሁሉ ለዊልማ ንገሪያት። በመጥረጊያ ካላባረረችሽ እኔ ኦርቪል አይደለሁም!” ብለው ፒክአፓቸውን አስነሡ። ዳርላ ድመቷን አስመርምራ ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ ዊልማ በወጥ ቤታቸው የበቆሎ ዳቦ እየጋገሩ ነበር። ልጅቷ ያለችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስትነግራቸው አንድም ጊዜ አላቋረጧትም። አቶ ኦርቪል በር ተደግፈው መጥረጊያው የሚነሣበትን ሰዓት ይጠባበቃሉ።

“ሕመሜን አይተው አይመልሱኝም ነው የምትይው?” አሉ ወይዘሮዋ በመጨረሻ።

“አይመልሱዎትም፣ እትዬ። ሕጉ ይከለክላቸዋል።”

“ኢንሱሊኑንስ ይሸፍናል?”

“የሚደርስብዎትን ድርሻ ከከፈሉ የቀረውን ይሸፍናል።”

ወይዘሮ ዊልማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባላቸውን ሳያዩ ተናገሩ። “እንግዲያው ሙሉውን እወጋለኋ።”

“ምን ማለትሽ ነው ሙሉውን?” አሉ አቶ ኦርቪል።

“ግማሹን ነው የምወጋው። ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንዱ ብልቃጥ ለሁለት ጊዜ እንዲደርስ ብዬ ነው።”

“ዊልማ!”

“አትጩህብኝ! መድኃኒቱ ሲወደድ አንተ ፈረስ ትጨምራለህ። ወገብህ እንዴት እንደሆነ አላይም? ጠዋት ጫማህን ለማሰር ስታቃስት አልሰማም? በቀን ስድስት ፈረስ ይበቃህ የነበረው ሰውዬ ዘጠኝ አደረስከው። አሥረኛውን በኔ ምክንያት እንድትጨምር አልፈለግሁም።”

አቶ ኦርቪል በሩን ትተው ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ፣ አንድ ወር ሙሉ የደበቁትን፣ ሆዳቸውንም ሬንጁንም፣ አንድ በአንድ አወጡት። ሚስቲቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች፣ አንዱ ለሌላው ሲሳሳ፣ በአንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ሊሞቱ ምንም አልቀራቸው ነበር። ከዚህ የባሰ ቂልነት ከወዴት ይመጣል? ደግሞስ ከዚህ የበለጠ ፍቅር?

“ለሆድዎ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እስከ ጥር አይጠበቅም” አለች ዳርላ። “በጤና ጣቢያው እንደ አቅም የሚያስከፍሉ ሐኪም አሉ። እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። ያንን መድኃኒት ደግሞ አሁኑኑ ወዲያ ይጣሉት።”

ጣሉት። ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ሐኪሟም የጨጓራ ቁስል መሆኑን፣ ደምም እየፈሰሰ መሆኑን ነገረቻቸው፤ የቁስሉን መድኃኒት ሰጥታም የሚቀጥለውን ምርመራ ለጥር ቀጠረችላቸው። “ምን ሲወስዱ ነበር?” ብላ ስትጠይቃቸው እውነቱን ነገሯት። ሐኪሟ ሳቋን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረች ይላሉ።

በማግስቱ ባልና ሚስት የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከዳርላ ፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ ይመልሳሉ፣ ትሞላለች። ስም፣ ዕድሜ፣ የዓመት ገቢ።

“ትንባሆ ይጠቀማሉ?”

“በወጣትነቴ አኝክ ነበር” አሉ አቶ ኦርቪል።

“ባለፈው ፋሲካ ነው ወጣትነትህ?” አሉ ወይዘሮ ዊልማ። “እሱን ካቆመ ስምንት ወሩ ነው የኔ ልጅ፤ እንደሱ ብለሽ ጻፊ።”

አቶ ኦርቪል ከዚያ በኋላ ቀልድም አልቀለዱ። ያቺን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር። እጃቸው የባርኔጣቸውን ጠርዝ ይጨመድዳል። ዳርላ ግን ወረቀቱን አዙራ “እዚህ ጋ ይፈርሙ” አለቻቸው።

“ቆይ። የዊልማን ሕመም አልጠየቅሽም።”

“አይጠየቅም፣ ጋሼ።”

“በኋላ አይተው እንዳይመልሷት! አሁኑኑ ጻፊው፤ ስኳር አለባት በይ። እኛ አንዋሽም።”

“የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ይኸው ይዩት።”

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገልብጠውም አነበቡት። እንደገናም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ወይዘሮ ዊልማ ብዕሩን ከእጃቸው ወስደው ቀድመው ፈረሙ። “እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ” አሉ፤ “ይህን ያሰቡትንም ሁሉ ይስጣቸው።”

የካቲት ሲጋመስ የአቶ ኦርቪል ቁስል ደርቆ ነበር። ወይዘሮ ዊልማ የታዘዘላቸውን ሙሉ መድኃኒት ስለሚወጉ ፊታቸው ተመልሷል፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ዱሮው አይደክማቸውም። አቶ ኦርቪልም የወገብ ሐኪም ያሳያቸውን እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት ወለል ላይ ተኝተው ይሠራሉ፤ ከስድስት ፈረስ በላይም አይዙም። ሥራ ያነሰበት ሰሞን መዋጮዬን በምን እከፍላለሁ የሚል ሥጋትም የለባቸው።

ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የአውራጃው የፈረስ ጫማ ገጣሚዎች ለዓመታዊ ውድድራቸው በአንድ ጋጣ ተሰበሰቡ። አንዱ ባልደረባቸው “ኦርቪል፣ መንግሥት ገዛህ አሉ! በስንት ተሸጥክ?” ብሎ ቢያሽሟጥጣቸው ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁና ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

“በሕይወቴ ነው የተሸጥኩት፤ ወድጄ” አሉ። “ስሙኝ ወንድሞቼ። ከከብት ሐኪሙ ጓሮ የሚወጣው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ስም አልጠራም፣ ዓይናችሁ ራሱ ይናገራል። ያቺ ልጅ ባታገኘኝ ኖሮ በዚህ ወር መቃብሬ ላይ ቆማችሁ ጥሩ ሰው ነበር ትሉ ነበር። ተመስገን፣ አለሁ። ልለምናችሁ የምፈልገው ግን ስለ እኔ አይደለም። የኔ ሚስት ሁለት ዓመት ግማሽ መድኃኒት ስትወጋ አጠገቧ ተኝቼ አላወቅሁም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሚስቶቻችሁን ጠይቋቸው። ምን እየደበቅሽኝ ነው በሏቸው።”

ያሽሟጠጠው ሰው ራሱ ሳቁን አቁሞ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ዳርላ በሩን ልትከፍት ስትመጣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ አምስት ፒክአፕ ቆሞ አገኘች። በእያንዳንዱም ውስጥ ከባሏ ጎን አንዲት ሚስት ተቀምጣ ነበር።