የእድሩን ድንኳን ለራግቢ

ሄሎ... ሄሎ?... አቤት!... ኪቲላ፣ አንተ ነህ? ጮክ በል እስቲ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ምንም አይሰማኝም... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬ እንዴት ዋለችልኝ? እህል ቀመሰች?... ሾርባ ብቻ? ይሁን፣ እሱም ጥሩ ነው። ጎኗን ግን አገላብጣት፣ ሰማኸኝ? የጎረቤት ሴቶች እስኪመጡ አትጠብቅ፤ እናትህ ናት።

— ኢብሴ! መስኮቱ ጋ ያሉት ሁለት ፍርፍር ነው ያዘዙት! አንድ ወስደሽ ሰዎቹን ልታጣያቸው ነው እንዴ?

እ?... አዎ፣ ገብቷል። በቴሌብር የላክኸው ገብቷል። ልደውልልህ ስል ቀደምከኝ። ይሄን ሁሉ ብር ምን አድርጊበት ብለህ ነው? እኔማ የእማዬ መድኃኒት ነው ብዬ ልጅቷን ፋርማሲ ልልካት ነበር... አይደለም?... ታዲያ የምንድን ነው?... ምን?... ድገመው እስቲ... አጠገቤ ያለው ቤቲንግ ቤት ግቢና ምን?... ራግቢ? ራግቢ ደግሞ ምንድን ነው?

ቆይ፣ ቆይ። ያን ጊዜ እዚሁ ቤቴ ተቀምጠህ በአባዬ አጥንት አልማልክልኝም? "ሁለተኛ እግር ኳስ ላይ ብር ባስይዝ እጄ ይቆረጥ" አላልክም?... እህ! እግር ኳስ አይደለማ! ራግቢ ነዋ! መሐላው አይነካውማ! ማሎ! ይሄን ብልጠት ለትምህርት ብታውለው ኖሮ እኮ ዛሬ ጠበቃ ነበርክ።

ለምን ራስህ አታስይዝም?... አሃ፣ ስማርት ስልኩንም በልተኸዋል። ባለፈው ተሰረቀብኝ ያልከኝ... በቃ፣ አትንገረኝ። እና ይሄን ራግቢ የምትለውን የት አየኸው?... ሐሙስ? ሐሙስ መቱ ነበርክ? መቱ መጥተህ፣ እዚህ አጥሬ ሥር ቤቲንግ ቤት ገብተህ ሰሌዳቸውን አንብበህ፣ እኔ ጋ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ ተመለስክ? ደግ። ደግ አድርገሃል። እህት ምን ይሠራል፣ ሰሌዳ እያለ!

— ሱፊያን! አንተ ሱፊያን! ይሄ አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ራግቢ የሚባለው ነው?

ነው ይላል። ሱፊያንን ታውቀዋለህ፣ ባለ ጨርቁ ሱፊያን፤ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት የሚውለው። የባለፈው ሳምንቱን እያሳዩ ነው ይላል፣ የዛሬው ሊጀምር ነው... እያየሁት ነው ኪቲላ፣ እያየሁት ነው። ኤጭ! ይሄ ነው ጨዋታ? አንዱ ጭንቅላቱን አንዱ ቂጥ ሥር ወሽቆ፣ አሥራ ስድስት ግንድ የሚያክል ሰው ተቆላልፎ ጭቃ ላይ ይገፋፋል! ኳሷ ራሷ ቅርጽ የላት፣ ፓፓያ። ያ ሰውዬማ ጆሮው የለም፣ ታኝኮ አልቋል... እና እነዚህ ናቸው አንተን የሚያበለጽጉህ? ሰው በልቶ እንኳ ይሄን ማየት ያስቸግረዋል።

እሺ፣ እጠይቀዋለሁ፣ አትጩህብኝ።

— ሱፊያን፣ ወንድሜ ነው፣ ከኖፓ። የዛሬው የእነማን ነው?... የፈረንሳዮቹ። ቱሉዝና... ማን?... ቦርዶ። ማን ያሸንፋል?

ሱፊያን የሚለውን ስማ። ቱሉዝ በሜዳው ነው፣ ሜዳው ላይ ማንንም አያስቀምጥም። ከፊት ያሉት ስምንቱ ሲገፉ የሚያቆማቸው የለም። የቦርዶዎቹ ዳር ዳር ያሉት ሯጮች ናቸው፣ ግን እዚያም ዝናብ አለ አሉ፣ ኳስ ካንሸራተተ ሩጫ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቱሉዝ። ቱሉዝ ላይ ያስያዘ ግን የሚያገኘው ለስኳር አይበቃም ይላል... ምን ያስቅሃል?... ቱሉዝ አይደለም? ቦርዶ ነው?... ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ ዳኛው?

አቻ?

ሃያ ሁለት እጥፍ?... ሃያ ሁለት እጥፍ ይከፍላል ብሎ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል... "ተሳስተው ነው"? ማን ነው የተሳሳተው፣ ባለ ቤቲንጎቹ?... "እግር ኳስ ላይ አቻ ሦስት እጥፍ ነው፣ እዚህ ሃያ ሁለት፣ ሳይነቁ ቶሎ አስይዥልኝ።" አይ ኪቲላ። አይ የአባቴ ልጅ። እነሱ ተሳስተው አንተ ነቃህ።

— ሱፊያን፣ አቻ ይወጣሉ ይላል... ምን ያንከተክትሃል? ሻይህን ደፋኸው እኮ!

ሰማኸው ሳቁን? ቆይ፣ የሚለውን ልንገርህ። ይሄ እንደ እግር ኳስ ዜሮ ለዜሮ አያውቅም ይላል። አንዱ ኳሷን ይዞ መስመር ሲያልፍ አምስት፣ ሲመታ ሁለት፣ ቅጣት ምት ሦስት፤ እንዲያ እየተቆለለ ሃያ ምናምን፣ ሠላሳ ምናምን ይደርሳል። ያ ሁሉ ተቆልሎ እኩል የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፣ ሃያ ሁለት እጥፍ የሚከፍሉህም ስለማይመጣ ነው ይላል። "እትዬ ሙላቷ፣ ብሩን ሶር ወንዝ ውስጥ ቢወረውሩት ይሻልዎታል፣ ቢያንስ ሲሄድ ያዩታል" ይላል... አይደለም፣ አልቀናብህም። ምኑን ይቀናል? ላም አለኝ በሰማይ አሉ!

ይሄ ብር ግን የምን ብር ነው?... የማር?... የማር ነው። ከየትኛው ቀፎ?... ኪቲላ፣ ጎረቤታችሁ ዲንቃ ትናንት ለገበያ መጥቶ እዚህ ምሳ በልቷል። ቀፎ የወረደ የለም፣ ንቡ ገና ነው፣ የዘንድሮው ዝናብ አበባውን በላው ብሎ ሲያማርር ነው የዋለው። የእናንተ ንብ ብቻ ነው ለቤቲንግ የቸኮለው?... በእማዬ አትማል! በተኛች ሴት አትማል! የምን ብር ነው? ካልነገርከኝ አሁን ይሄን ስልክ ዘግቼ ጋሼ ሰቦቃ ጋ እደውላለሁ። ከእኔ ደብቀህ ከእድሩ ዳኛ አትደብቅም...

ልዘጋው ነው።

ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... ለምንድን ነው ጋሼ ሰቦቃ ጋ አትደውዪ የምትለኝ?... ምን አደረግክ?... የእድሩን ምን?...

ድንኳኑን።

ዋቃዮ! ድንኳኑን?... አዲሱን? ባለ መስኮቱን?... ለማን?... ለገብረ መስቀል አስይዘህ ተበደርክ። የሁሩሙው፣ ቡና ነጋዴው... ሰውስ ሲጫን አላየህም?... "ተቀዶ ነው፣ ሊሰፋ ነው" ብለህ በሚኒባስ ጫንከው። በቀን፣ በአደባባይ፣ ሰው እያገዘህ። ጎበዝ። እና ገብረ መስቀል ምን ያደርግበታል?... ቡናውን ሸፈነበት? ዝናብ እንዳያገኘው የተሰጣውን ቡና ሸፈነበት!

ቱ! ቱ! አንተ ልጅ! ያንን ድንኳን እኮ የኖፓ ሰው ቡና እየለቀመ፣ እናቶች እንቁላል እየሸጡ ነው ያዋጡበት። አባዬ ሲሞት ዝናብ ላይ ተቀምጠን አልቅሰን፣ "ከእንግዲህ ማንም እንዲህ አይቀመጥም" ብለው ነው የገዙት። የእቃ ቤቱን ቁልፍ ለአንተ የሰጡህ ምን ስለሆንክ መሰለህ? የአባትህ ልጅ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው ብለው ነው። ቀፈፍከኝ። እውነቴን ነው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ መያዝ ቀፈፈኝ... አታልቅስብኝ! "እትዬ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽኝ" አትበለኝ! አንድ ቀን እድሩ ይሄን ቢሰማ ያባርረናል፣ አንተን ብቻ አይደለም፣ በአባዬ ስም የተጻፍነውን በሙሉ። እማዬ እዚያ ተኝታለች። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብራታል? ቱሉዝ ነው የሚቀብራት? እነዚያ ጆሮ የሌላቸው መጥተው ነው ቃሬዛዋን የሚሸከሙት?

— ምንም አይደለም፣ ብሉ፣ ብሉ። የቤተሰብ ነገር ነው። ኢብሴ፣ ቆመሽ አትስሚኝ፣ ሻይ ጨምሪላቸው።

እ?... እስከ ሰኞ? እስከ ሰኞ ምን?... "ሰኞ አስመልሰዋለሁ፣ እስከዚያ ደግሞ ማንም አይፈልገውም"... ለምንድን ነው የማይፈልገው?... ምክንያቱም ሰው አልሞተም! ሰሞኑን ሰው አልሞተም፣ ከእማዬ በቀር የታመመም የለም፣ ስለዚህ አይሞትም!

ኪቲላ፣ ራግቢው ይቅር። አንተ ቁማር ያስያዝከው ሰው ላይ ነው። ጎረቤቶችህን አንድ በአንድ አይተህ፣ ይሄ አይሞትም፣ ያቺ አትሞትም ብለህ ቆጥረህ ነው ድንኳኑን የጫንከው። ይሄን ነው ያደረግከው... አዎ ነው! ሌላ ስም የለውም። ሰይጣን ራሱ ይሄን አያስብም፣ እሱስ ሥራ አለው።

አሁን ስማኝ። ቤቲንግ ቤት አልገባም። በሬ ብታርድልኝ አልገባም። ይሄን ብር ለገብረ መስቀል እልካለሁ፣ የሚጎድለው ካለ እኔ እሞላዋለሁ፣ ድንኳኑ ነገ...

ቆይ።

ዝም በል እስቲ... ያ ምንድን ነው?... እዚህ አይደለም፣ ከአንተ በኩል ነው... ኪቲላ፣ ጥሩንባ ነው? የእድሩ ጥሩንባ ነው የሚነፋው?... ሄሎ?... ወጥተህ ስማ። ማንን ነው የሚለው? ወጥተህ ስማ አልኩህ!...

— ሱፊያን፣ ድምፁን ቀንሰው። እባክህ ቀንሰው።

ሄሎ... ማን?... ማን አልክ?... እማማ ዋሪቱ? የእኛ እማማ ዋሪቱ? እዚያ አጥር ለአጥር ያለችው?... ትናንት ውኃ ስትቀዳ ነበር?... ወይኔ! ወይኔ እማማ ዋሪቱ! ምን ነካት?... ተኝታ ቀረች። ማንንም ሳታስቸግር... አንተን እኮ እማዬ ወተቷ ደርቆ ያጠባችህ እሷ ናት። ከልጇ ነጥቃ ነው ያጠባችህ... አውቃለሁ እንደምታውቅ። አሁን ማወቅህ ምን ይጠቅማታል?

ዝናቡ እዚያስ አለ?... እንደዚህ ነው የሚጥለው?... ሰው መሰብሰብ ጀምሯል? የት ነው የሚቀመጡት?... አየህ? የት እንደሚቀመጡ አንተም አታውቅም።

እሺ። እሺ፣ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። ሁሩሙ የሚሄድ ሚኒባስ አላጣም፣ ራሴ እሄዳለሁ። ገብረ መስቀልን ቡናው ላይ ቆሜ ድንኳኑን አስነሳዋለሁ፤ ቡናው ይራስ። ከዚያ እስከ ኖፓ በኮንትራት አስጭነዋለሁ። አንተ ደግሞ አሁኑኑ፣ ይሄን ስልክ እንዳስቀመጥክ፣ ወደ ጋሼ ሰቦቃ ትሄዳለህ። ድንኳኑ ይዘገያል ትላቸዋለህ። ለምን ሲሉህም ትነግራቸዋለህ... አዎ፣ በአፍህ። እኔ ደርሼ ካወራሁት ሌላ ነው፣ አንተ ቀድመህ እግራቸው ላይ ከወደቅክ ምናልባት ይምሩን ይሆናል። ሽማግሌ ናቸው፣ እውነት ለተናገረ ልብ አላቸው። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን፣ ገባህ? ለእማዬ ስትል... ቁልፉንም ያኔውኑ አስረክባቸው።

— ኢብሴ፣ ነጠላዬንና ጃንጥላውን አምጪልኝ። ቤቱን አንቺ ትዘጊዋለሽ።

ኪቲላ?... አለህ?... ምነው፣ አልሰማኸኝም?... ምን?... ዝናቡ ነው፣ ደግመህ ንገረኝ...

"ጀምሯል ወይ?"

ምኑ?

ጨዋታው...

ጥሩንባው እኮ አሁንም ይሰማኛል። እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እማማ ዋሪቱ አስከሬኗ ገና ሳይታጠብ፣ አንተ ግን... "ካልጀመረ ወጣ ስትዪ በመንገድሽ አስይዥው፣ ከተሳካ ለእሷም ሐውልት እናሠራላታለን"...

— ምን ትላለህ ሱፊያን?... ማን ጠየቀህ? ገና መሆኑን እኔም አያለሁ! ዝም በል!

አዎ ኪቲላ። ጀምሯል... ጀምሯል አልኩህ፣ ከጀመረ ቆየ። አይቀበሉም። በቃ። ተነስና ሂድ፣ አልቅስላት።